ጨረር የመታው ብረት እንጀራ ይሆናል?

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ የምትማሪው የደብረ ሲናዋ እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ለዓመታት ጨረር የመታው ብረት ጠባዩ እንደሚለወጥ አንብበሽ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። «ይህን ተምሬ ሥራ አገኛለሁ ወይስ ቤት እቀመጣለሁ?» ብለሻል። እናትሽም ፈርተዋል።

እስቲ አንድ ሽቦ ያዢ። አንድ ቦታ ላይ እጠፊው፣ ዘርጊው፣ ደግመሽ እጠፊው። እየደረቀ ይሄድና ቀጭ ይላል። የኑክሌር ኃይል በሚመነጭበት ሬአክተር ውስጥ ያለ ብረትም ይደርቃል፤ ማንም ሳያጥፈው። ኒውትሮን፣ ከአቶም እምብርት የወጣ ቅንጣት፣ ይመጣና ከብረቱ አንዱን አቶም ከቦታው ይገፈትረዋል፣ እሱም ጎረቤቶቹን። አብዛኞቹ ወዲያው ክፍት ቦታ አግኝተው ይገባሉ። የቀሩት ናቸው ጣጣ የሚያመጡት። ባዶ ቦታዎቹ እየተሰባሰቡ ጥቃቅን ጉድጓድ ይሆናሉ፣ ብረቱም ያብጣል። ስኮትላንድ ውስጥ ዱንሬይ በሚባል ሬአክተር የቆየ የማይዝግ ብረት እንዲህ ሆኖ መገኘቱ በ1967 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ብረት ያብጣል ብሎ ማን ያስባል!

መድኃኒቱን አንጥረኛ ያውቀዋል፦ የደረቀውን ብረት እሳት ውስጥ ይመልሰዋል። አንዳንድ ሩሲያ ሠራሽ ሬአክተሮችም ነዳጁን የያዘው የብረት ጋናቸው ወደ 475 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ ለቀናት ቆይቶ፣ ያጡትን ጠባይ አብዛኛውን መልሰው አግኝተዋል።

ወደ ሥራው እንምጣ። አገራችን የኃይል ማመንጫ ሬአክተር የላትም። መስከረም 2018 ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ማመንጫ ሰነድ ተፈርሟል፣ ደስ ይላል፤ ፊርማ ግን ደመወዝ አይከፍልም። ስለዚህ ብረቱን አስቀድሚ፣ ጨረሩን አስከትዪ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስ ትምህርት አለው። ቦይለር ያለው ፋብሪካ ብየዳና ቱቦ የሚፈትሽለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ መፈተሻ ደግሞ ራሱ ጨረር ነው፣ የተሰበረ እጅ እንደሚነሳው ራጅ። ለእናትሽ ንገሪያቸው፦ ሠራተኛው የወሰደውን ጨረር የሚመዘግብ መለኪያ ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ከተፈቀደው በላይ እንዳይወስድም ይጠበቃል።

ሌላም በር አለ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሴቶች ብቻ የሚሰጠው የማስተርስ ስኮላርሺፕ በማሪ ኩሪ ስም ተሰይሟል። ስታመለክቺ «ጨረር እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። የሠራሽውን አሳዪ። ለምሳሌ የመመረቂያ ሥራሽ ያ ሽቦ ሊሆን ይችላል፦ እያጠፍሽ አድርቂው፣ በተለያየ ሙቀት መልሰሽ አለስልሺው፣ ጥንካሬውን በየደረጃው ለኪ። ምድጃና የጥንካሬ መለኪያ ካገኘሽ ይበቃል። ዘንድሮውኑ አማካሪሽን ጠይቂ።