እሳት የማይበግረው አይብ በቂጣ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ከሰል ላይ የተጠበሰ አይብና አትክልት በቂጣ ጠቅልሎ መብላት በሜዲትራኒያን አገሮች የተለመደ ነው። «ጅማ ሆነንም እንሠራዋለን» ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄ ጎርፏል። እነሆ መልሱ።

ሃሉሚ የሚባለውን አይብ ጅማ የት ልፈልግ?

አይልፋችሁ፣ እቤት እንሥራው። ሃሉሚ የቆጵሮስ አይብ ነው። ከበግና ከፍየል ወተት ይሠራል፤ የላም ወተትም ይገባበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙ ለቆጵሮስ ብቻ እንዲሆን ስለመዘገበው የእኛን ሃሉሚ አልለውም። ግን እሳት ላይ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

እትዬ፣ የራሳችን አይብ ምን አለውና?

ጣዕሙን ማን ይጠላል! ነገር ግን ቅቤ ከወጣለት አሬራ የሚሠራ፣ ተጭኖም የማይጠብቅ ስለሆነ ከሰል ላይ ይፈረፈራል። ጥብሱ ካለቀ በኋላ ከላይ በትኑት፣ ያምርበታል። ፕሮቮሎኔ የሚባለው የጣልያን አይብ ደግሞ ይቀልጥና እሳቱ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ታዲያ የማይቀልጠውን እንዴት እንሥራ? ልኩን ንገሪን።

2 ሊትር ቅቤው ያልወጣለት ወተት አፍሉ። ልክ ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አይቡና አጓቱ ይለያያሉ። አጓቱ አሁንም ነጭ ከሆነ ትንሽ ሎሚ ይጨመር። በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት፣ ጨውና የተከተፈ ናና ጣል አድርጉበት። ቆጵሮሶችም ናና ይወዳሉ። ከዚያ ጠቅልላችሁ ውኃ የሞላ ድስት ጫኑበት። በትኩስ ወተት ላይ ሎሚ ሲገባ ፕሮቲኑ አጥብቆ ይያያዛል፤ ስለዚህ አይቡ እሳት ሲነካው ይቀላል እንጂ አይፈስም።

ሞክሬው ሽቦው ላይ ተሰባበረብኝ። ምን አጠፋሁ?

እህቴ፣ ውኃው አልወጣለትም ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቢያንስ 2 ሰዓት ተጭኖ ይቆይ፤ ቢያድር ደግሞ ይበልጣል። ስትቆርጪው ቀጭን አታድርጊው፣ የጣት ውፍረት ይኑረው። በጨርቅ አድርቀሽ ዘይት ቀቢው። ሽቦውም በደንብ ይጋል፤ ቀዝቃዛ ሽቦ አይብ ይይዛል። አንዴ ካስቀመጥሽው አትነካኪው፤ ሥሩ ሲቀላ ራሱ ይለቅልሻል። ያኔ አንዴ ብቻ ገልብጪው። ከሰሉም ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ሲሆን ነው የሚያስፈልገው።

ቂጣውስ? እርሾ የለኝም።

እርሾ አያስፈልግም። 2 ኩባያ የፍርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ጨው፣ ከ1 ኩባያ ትንሽ ያነሰ እርጎ። እርጎው ከቀጠነ ዱቄት ጨምሩ። ለግማሽ ሰዓት ይረፍ። አሳሱና በጋለ ምጣድ ያለ ዘይት ጋግሩት። ሲያብጥ ገልብጡ። እንደወጣ በጨርቅ ካልጠቀለላችሁት ይደርቅና ስትጠቀልሉበት ይሰነጠቃል።

አትክልቱ የትኛው ይሻላል?

ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት። ደበርጃኑን ጨው ነስንሳችሁ ጥቂት አቆዩትና ውኃውን ጥረጉለት። ቲማቲሙን ጥሬውን ብትተዉት እመርጣለሁ፤ ከጨዋማው አይብ ጋር ይስማማል። የእኛ ጦስኝ በዘይትና በሎሚ ተለውሶ አትክልቱ ላይ ሲቀባ የሚሰጠው ሽታ ልዩ ነው፣ እንዳትዘሉት። አቮካዶ ሜዲትራኒያን ባይሆንም ጅማ ተቀምጠን እንዴት እንተወው?

ለጾምስ?

አይቡም እርጎውም ይቀራል። ቂጣውን በውኃና በዘይት አቡኩ። በአይቡ ፋንታ ተቀቅሎ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከተፈጨ ሰሊጥ ጋር የላመ ሽምብራ ቀቡበት።

ሥጋ ጨርሶ አልበላም። አይብ ውስጥ የጥጃ ጨጓራ ይገባል ሲሉ ሰማሁ።

እውነት ነው፤ ብዙ አይቦች የሚረጉት ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ነው። ከሱቅ ስትገዛ ጽሑፉን አንብብ። በሎሚ የረጋው ግን ይህ የለበትም፣ በሰላም ብላ።

ለነገ ምሳ ይቆያል?

አይቡን ጨው ባለበት ውኃ ነክራችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት ጥቂት ቀን ይቆያል። የምትጠብሱት ግን ልትበሉ ስትሉ ነው፤ ሲበርድ እንደ ጎማ ይሆናል።