ክበባችን ፖሊስ ጣቢያ ሊጎበኝ ነው፤ ከምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን 40 አባላት ያሉት የበጎ አድራጎት ክበብ አለን። በከተማችን አዲስ ፖሊስ ጣቢያ ሥራ ስለጀመረ ልንጎበኘው አስበናል። ባዶ እጃችንን መሄድም አልፈለግንም። እንዴት እናድርግ?
የክበቡ ተጠሪ መምህር፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ ከደብዳቤ ጀምሩ። ለጣቢያው ኃላፊ የተጻፈ፣ ለከተማው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ግልባጭ የተደረገ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ይበቃል። የጎብኚዎቹን ስም ዝርዝር፣ የተጠሪውን ስልክ፣ ማየት የምትፈልጉትንና ይዛችሁ የምትመጡትን ዕቃ ጻፉበት። ከሁለት ሳምንት በፊት አስገቡና በቀሪው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ያዙ። «ደብዳቤው አልደረሰንም» የሚባለው ሁልጊዜ በዋዜማው ነው።

40 ሰው በአንድ ጊዜ አይሆንም። ኮሪደሩ ይጨናነቃል፣ ከኋላ የቆመውም ምንም አይሰማም። ከ12 እስከ 15 እየሆናችሁ በሦስት ዙር ሂዱ። ሁሉም መታወቂያ ይያዝ። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ቦርሳ ባይያዝ ይሻላል።

ሰኞ ጠዋት አትሂዱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ቅዳሜና እሑድ የተያዘው ሁሉ ሰኞ ስለሚደራረብ መርማሪው መዝገብ ታቅፎ ሲሮጥ ነው የምታገኙት። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ደህና ነው፤ ግን ከ6 ሰዓት በፊት ውጡ። ያኔ ቤተሰብ ምሳ ይዞ ስለሚመጣ በሩ ላይ ምግብ መፈተሽ ይጀመራል።

ውስጥ ከገባችሁ ጊዜያችሁን ተረኛው ጠረጴዛ ላይ አሳልፉ፤ በእኛ ግምት ከጣቢያው ሁሉ ትምህርት ያለው እዚያ ነው። የዕለት ሁኔታ መዝገብ እንዴት እንደሚሞላ ጠይቁ፦ አቤት ባይ የመጣበት ሰዓት፣ ጉዳዩ፣ የተቀበለው ተረኛ ስምና ፊርማ። የሰው ጉዳይ ያለበትን ገጽ ግን አታገላብጡ፤ ባዶውን ገጽ ያሳዩአችሁ። ቀጥሎ የኤግዚቢት ክፍሉን፣ ማለትም ለማስረጃ የተያዙ ዕቃዎች የሚቀመጡበትን፣ በር ላይ ቆማችሁ እዩ። እያንዳንዱ ዕቃ የመዝገብ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይታሰርበታል። ወረቀቱ ከተላቀቀ ዕቃው የየትኛው መዝገብ እንደሆነ ለፍርድ ቤት ማስረዳት ፈተና ነው። የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚታይበት ክፍል ለብቻው ካለ እሱንም ጠይቁ። መሣሪያ ቤቱን እንዳትጠይቁ፤ አይከፈትም።

ስጦታውን ሳትገዙ ስንት ተጠርጣሪ፣ ከዚያ ውስጥ ስንት ሴት እንዳለ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ባልዲ፣ የፕላስቲክ ጆግና ብርድ ልብስ ነው። ለአንዲት ሴት ባለ 10 ፍሬ ሞዴስ ሁለት እሽግ ያዙ፤ አንዱ ላይበቃት ይችላል። ብርጭቆ፣ ምላጭና መድኃኒት ይዛችሁ አትሂዱ። ክበብ አብስሎ ያመጣው ምግብም አንድ ሰው ሆዱን ቢያመው መዘዙ ብዙ ስለሆነ ቢቀር ይሻላል። ገንዘብ በእጅ አትስጡ። ዕቃውን በንብረት ክፍሉ አስቆጥራችሁ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አስደርጉ፤ 60 ሳሙና ከሆነ 60 ተብሎ ይጻፍ። ቅጂው በክበቡ ፋይል ይቀመጥ፤ የዛሬ ዓመት «ሳሙናው የት ደረሰ?» የሚል አባል አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ፎቶ ብንነሣስ? ለክበቡ ገጽ ነበር።

መልስ፦ አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪላቸው ድረስ ንጹሕ ሆነው የመቆጠር መብት አላቸው። ነገ በነፃ የሚለቀቅ ሰው ፊት በገጻችሁ ላይ ለዘለዓለም ይቀራል። ኃላፊው ከፈቀደ ከሕንፃው ፊት ለፊት ተነሡ፤ ከጀርባችሁ መስኮት ላይ የቆመ ሰው አለመኖሩን ግን እዩ።

ጥያቄ፦ በጉብኝቱ ላይ ስለ ስልክ ስርቆት ሊያስረዱን ቃል ገብተዋል። ቀድመን ምን እንወቅ?

መልስ፦ ዛሬውኑ እያንዳንዳችሁ *#06# ደውሉ። የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር (የስልኩን መለያ) ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ሁለት ቁጥር ያወጣል፣ ሁለቱንም ጻፉ። የብዙ ሰው አቤቱታ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፦ «ጥቁር ሳምሰንግ ነው» ብሎ ቃል ይሰጣል። ስልኩ ቢገኝ እንኳ የእሱ መሆኑን በምን ያስረዳል? ካርቶኑን ወይም የግዢ ደረሰኙን ያልጣለ ሰው ቁጥሩን እዚያም ላይ ያገኘዋል። ከተሰረቀባችሁ በመጀመሪያ ሲሙን አዘጉ፤ የባንክና የቴሌብር ገንዘባችሁ በእሱ ነው የሚወጣው። ከዚያ ጣቢያ ሄዳችሁ ሰዓቱንና ቦታውን ለይታችሁ ቃል ስጡ። የተጻፈው ይነበብላችሁ፤ ያላላችሁት ነገር ካለ ሳይታረም አትፈርሙ፤ ስትወጡም የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ያዙ።