ናፍጣ አልቆበት የቆመ ሞተር ከተሞላለት በኋላም ለምን አይነሳም?

ጥያቄ፦ ክቡር የአምዱ አዘጋጅ፣ በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ ስምንት ክፍል ያላት አነስተኛ ፔንሲዮን አስተዳድራለሁ። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት ጄነሬተራችን ሲሠራ ቆይቶ ናፍጣ አለቀበትና ቀጥ አለ። ጠዋት ልጆቹ በጀሪካን 20 ሊትር ናፍጣ አምጥተው ሞሉለት፤ ነገር ግን ቁልፍ ቢሰጡት ቢሰጡት አልነሳ ብሎ በመጨረሻ ባትሪው ደከመ። የጠራነው ባለሙያ «ፖምፓው ሞቷል፣ ይለወጥ» ብሎ የነገረን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ነው። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ኮምፒውተር የሌለው አሮጌ ሞተር ነው። ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ምክርዎን እሻለሁ።
ፔንሲዮን አስተዳዳሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ፖምፓውን ለመለወጥ አይቸኩሉ። እስከ ሌሊቱ ድረስ ያለ እንከን ሲሠራ የነበረ ፖምፓ ናፍጣ ባለቀበት ቅጽበት የሚሞትበት አጋጣሚ እምብዛም አይደለም። በደብዳቤዎ የዘረዘሩት ሁሉ የሚያመለክተው በናፍጣው መስመር ውስጥ አየር መግባቱን ነው፤ ይህም በሁለት መፍቻ፣ በአንድ ካቻቢቴ፣ በአንድ ንጹሕ ጣሳና በአንድ ሰዓት ትዕግሥት የሚስተካከል ነገር ነው።

ልጆቹ ናፍጣ ስለሞሉለት ሞተሩ ይነሳል ብለው መጠበቃቸው አያስወቅሳቸውም፤ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነውና። የናፍጣ ሞተር ግን እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፣ በዚያ በጋለ አየር ላይ ናፍጣ እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ናፍጣው እንደ ጉም ሆኖ እንዲረጭ ደግሞ እንደ እርስዎ ባለው ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው አፍንጫ፣ ማለትም ኢንጄክተሩ፣ በ200 ባር (የተራ አየር ግፊት 200 እጥፍ ያህል) አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ግፊት መከፈት አለበት። ይህን ግፊት የሚፈጥረው ፖምፓ የሚገፋው ፈሳሽ ብቻ ሲሆን ነው። ብስክሌት በሞላባት ከተማችን ነገሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የብስክሌት መንፊያን አፍ በአውራ ጣትዎ ደፍነው እጀታውን ቢገፉት ይገባልዎታል፣ ሲለቁት ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ውኃ ሞልተው ቢገፉት ግን ንቅንቅ አይልም። በናፍጣው ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ ጥቂት አየር እንዲሁ ነው፤ ፖምፓው ሲገፋው ይጨመቃል፣ ሲለቀው ይለጠጣል፣ ኢንጄክተሩ ግን ሳይከፈት ይቀራል። ስለዚህ ቁልፍ ደጋግሞ መስጠት አየሩን አያስወጣውም፤ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ከዚያም አልፎ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ያቃጥላል።

ባትሪውን ቻርጅ እያስደረጉ ሳለ ከታንኩ ይጀምሩ። ብዙ ታንኮች ናፍጣውን የሚያወጡት ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ከተገጠመ ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ሊትር ብቻ ከተሞላ ከወለሉ ላይ ተንጣሎ ይቀራል እንጂ ወደ ሞተሩ አይደርስም። 20 ሊትሩ ለታንክዎ ስፋት የሚበቃ መሆኑን ይመልከቱ። ታንክ ባዶ እስኪሆን ሲሠራበት ደግሞ ከሥር የተቀመጠው ዝቃጭና ውኃ ወደ መስመሩ ይሳባል፣ በላዩ ላይ አዲስ ናፍጣ ሲደፋበት የቀረውም ይበጠበጣል። ከሞሉ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ያስቀምጡት። ከዚያ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማንጠፊያ ከፍተው ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ይቅዱና በብርሃን ፊት ያዙት። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ለብቻው ተለይቶ፣ በመካከላቸውም ጥርት ያለ መስመር ተሠርቶ ይታይዎታል። ውኃ ካለ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ ያንጠፉት። ፊልትሮው ከተለወጠ የቆየ ከሆነ አሁኑኑ ይለውጡት፤ አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት በንጹሕ ናፍጣ መሙላት ሥራውን ያቀልላል።

አየሩ የሚወጣው ናፍጣው ከሚመጣበት ከታንኩ በኩል ተጀምሮ ወደ ሞተሩ በቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው ከኢንጄክተሩ ስለሚጀምር ቀኑን ሙሉ ሲደክም ይውላል፤ ከኋላ ያለው አየር ተመልሶ ይመጣበታልና።

በመጀመሪያ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ትንሿን የአየር ማስወጫ ቡሎን አንድ ዙር ያህል ያላሏት እንጂ ሙሉ በሙሉ አይፍቷት። ከዚያ በሞተሩ ጎን ካለችው ናፍጣ ሳቢ ፖምፓ ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ ወደ ላይና ወደ ታች ያድርጉ። መግፊያው ምንም ክብደት ከሌለው ተበላሸ ብለው አይደናገጡ፤ የሞተሩ ዘንግ በመጥፎ አቅጣጫ ቆሞበት ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር አዙረው እንደገና ይሞክሩት። ከቡሎኗ ሥር መጀመሪያ የሳሙና አረፋ የመሰለ ናፍጣ እየተንተፈተፈ ይወጣል፣ ቀጥሎ አረፋው ይሳሳል፣ በመጨረሻም አንዲት አረፋ የሌለበት ጥርት ያለ ናፍጣ ይወርዳል። ያን ጊዜ መግፋትዎን ሳያቆሙ ቡሎኗን ያጥብቋት። ይህንኑ ናፍጣውን ወደ ኢንጄክተሮቹ በሚገፋው በዋናው ፖምፓ ላይ ባለችው የአየር ማስወጫ ይድገሙት።

የመጨረሻው ኢንጄክተሮቹ ጋ የሚደርሱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ኢንጄክተር ላይ ቱቦውን የያዘውን ዳዶ (በመፍቻ የሚዞረውን ማጥበቂያ) ከግማሽ እስከ አንድ ዙር ያላሉና ረዳትዎ ቁልፍ ይስጥ፤ አንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ አይለፍ፣ በየመካከሉም ሞተሪኖው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ። ከዳዶዎቹ ሥር ናፍጣ ትርክክ እያለ መውጣት ሲጀምር አንድ በአንድ ያጥብቋቸው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ሲጠብቁ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይነሳል፤ የቀሩት ሲጠብቁ ድምፁ ይስተካከላል፣ ጥቂት ነጭ ጭስም ይወጣና ይጠራል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎ ነገር አለ። ከቱቦው የሚወጣውን ናፍጣ ማንም ሰው በእጁ እንዳይዳስሰው። በዚህ ዓይነት ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሚሆን ሰው ይንቀዋል፣ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ እጅን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ፍሳሽ መኖሩን ማወቅ ቢያስፈልግ ካርቶን ያስጠጉ እንጂ ጣት አያስጠጉ። ይህ የደረሰበት ሰው የሕመሙ ማነስ ሳያዘናጋው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ፣ ለሐኪሙም ናፍጣ በግፊት እንደገባበት ይንገር። «ቶሎ ይነሳልሃል» ተብሎ በአየር መሳቢያው በኩል ቤንዚን መርጨትም ሞተሩን የሚሰብር፣ አጠገቡ ያለውንም ሰው የሚያቃጥል ድርጊት ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው እንኳ ናፍጣ ከዋናው ፖምፓ ካልወጣ፣ ፖምፓው ላይ ሽቦ የተያያዘባትን ማቆሚያ ይመርምሯት። ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» የሚል ድምፅ መስማት አለብዎት፤ ባትሪው ከደከመ ግን እሷም ስለማትከፈት ናፍጣውን ዘግታ ትይዘዋለች። በእጅ የሚሳብ ማቆሚያ ያለው ከሆነም ወደ መሥሪያው ቦታ መመለሱን ያረጋግጡ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩ የሚጨምቀው አየርም በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ በብርድ ጠዋት በደከመ ባትሪ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር እዚህ እንደ ሌላው ቦታ በቀላሉ አይነሳም።

ከተነሳ በኋላ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ተመልሶ የሚጠፋ ከሆነ ግን አየሩ ከውስጥ የቀረ ሳይሆን ከውጭ እየገባ ያለ ነው። በታንኩና በሳቢዋ ፖምፓ መካከል ያለው መስመር ይሳባል እንጂ አይገፋም፤ ስለዚህ ስንጥቅ ቢኖርበት ናፍጣ ወደ ውጭ ከማንጠባጠብ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ መሬቱም ደረቅ ሆኖ ይታያል። ብዙ ባለሙያዎች የሚሳሳቱት «አያፈስም፣ ደህና ነው» ሲሉ ነው። የደረቁ የጎማ ቱቦዎችን ይለውጡ፤ በየመጋጠሚያው ያሉትን የመዳብ ቀለበቶችም ያረጁ ከሆነ በአዲስ ይተኳቸው። ጥርጣሬው ካልጠራ በመስመሩ መካከል አጭር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ለጊዜው አስገብተው አረፋ ሲያልፍ በዓይንዎ ይዩት። ፖምፓውን መጠርጠር የሚገባው ወደ እሱ የሚገባው ናፍጣ ጥርት ብሎ እየገባ፣ ከእሱ ወደ ኢንጄክተሮቹ ግን ምንም የማይወጣ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ከመለወጡ በፊት በመፈተሻ መሣሪያ ላይ ተጭኖ ይታይ።

በጣሳው የተጠራቀመውን ናፍጣ ወደ ጎዳናው ቦይ አይድፉት፤ የከተማችን ጎርፍ የሚገባው ጣናና ዓባይ ነው። አጣርተው ለብረት ማጽጃ ያቆዩት። ጄነሬተሩንም ለመሞከር ብለው በር ዘግተው አያስነሱት፤ ጭሱ ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ በፎገራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ውኃ መሳቢያ ሞተሬ ናፍጣ አልቆበት ቆመ። ሞልቼ በማኖቬላ ባዞረው እጄ ተላጠ እንጂ አልነሳም። መካኒክ ከወረታ እስኪመጣ ቡቃያዬ ሊደርቅብኝ ነው።
አርሶ አደር፣ ከፎገራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ሞተር ከጄነሬተሩ ይልቅ ቀላል ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ታንክ ከላይ ስለተቀመጠ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የእጅ መግፊያም አያስፈልገውም። የታንኩን መክፈቻ ከፍተው በፊልትሮው መውጫ ያለውን ዳዶ ያላሉና አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያጥብቁ። በፖምፓው መግቢያም ይህንኑ ያድርጉ። በመጨረሻ በኢንጄክተሩ በኩል ያለውን ዳዶ አላልተው፣ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ መጭመቂያ ማላሊያውን (የሲሊንደሩን ግፊት የምታላላውን እጀታ) ይዘው በማኖቬላ ቀስ እያሉ ያዙሩት። ናፍጣ ብቅ ሲል ዳዶውን አጥብቀው ማዞርዎን ይቀጥሉ፤ ጆሮዎን ወደ ሞተሩ ራስ ጠጋ ቢያደርጉ ኢንጄክተሩ በየዙሩ «ጥርቅ» ሲል ይሰሙታል። ያ ድምፅ እስካልተሰማ ድረስ በኃይል ማዞር እጅዎን መላጥ ብቻ ነው። ድምፁ ሲሰማ ፍጥነት ይስጡትና ማላሊያውን ይልቀቁ።

ሞተሩ ሲቆም በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ የነበረው ውኃ ወደ ወንዙ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ከማስነሳትዎ በፊት የውኃ መሳቢያውን ሆድ በውኃ ይሙሉት። ያለ ውኃ ቢሽከረከር የውኃ መከላከያ ጎማው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ መካኒኩን ከመጠበቅ አያመልጡም።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሙቅ ውኃ የምናገኝበት የናፍጣ ቦይለር ታንኩ ደርቆ ቆሞ ነበር። ናፍጣ ከተሞላ በኋላ ቀዩን ቁልፍ ስንጫን ማራገቢያው ይነሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ግን ይጠፋና ቀይ መብራት ይበራል። ስንት ጊዜ መጫን እንችላለን?
የጥገና ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁለት ጊዜ በላይ አይጫኑ፤ በሁለቱ መካከልም ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ቦይለሩ የሚጠፋው ነበልባል የሚያይ ዓይን ስላለውና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እሳት ካላየ ራሱን ስለሚቆልፍ ነው። ይህ ጥበቃ የተሠራው ያልነደደ ናፍጣ በማቃጠያው ክፍል ውስጥ እንዳይጠራቀም ነው፤ ቁልፉን አሥር ጊዜ መጫን ጥበቃውን አሥር ጊዜ መሻር ነው፣ የተጠራቀመው ናፍጣ አንድ ጊዜ ሲነድም የቦይለሩን በር ሊገነጥል ይችላል።

አየሩ የሚወጣው እንዲህ ነው። የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ከዋናው ማጥፊያ ያጥፉ፤ የታንኩ መክፈቻ መከፈቱንና ፊልትሮው መጽዳቱን ይዩ። በማቃጠያው ፖምፓ ላይ ባለችው የአየር ማስወጫ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ጫፉን ብርጭቆ ውስጥ ያስገቡና ማስወጫዋን አንድ ዙር ያላሏት። ኤሌክትሪኩን መልሰው ማቃጠያው ሲነሳ ፖምፓው አረፋ የቀላቀለ ናፍጣ ወደ ብርጭቆው ይገፋል። ጥርት ብሎ ሲወርድ ማስወጫዋን ይዝጉ፤ ብዙ ጊዜ እሳቱ በዚያው ይያያዛል። ሳይጠራ ከተቆለፈ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙት። ቁልፉ እስካሁን ብዙ ጊዜ ተጭኖ ከሆነ ግን ይህንንም አይሞክሩ፤ የቦይለር ባለሙያ ማቃጠያውን አውጥቶ ክፍሉን አይቶ፣ የተጠራቀመ ናፍጣ ካለ አድርቆ እስኪያስረክባችሁ ድረስ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ይቆይ።