መልስ፦ ለግል ሼፎች ኮንፈረንስ መሄድ ያዋጣል?

«በየደንበኛው ቤት ብቻዬን ነው የማበስለው፤ ለኮንፈረንስ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣኛል?» ላልከው፣ እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ። ግን አዲስ ምግብ ልማር ብለህ አትሂድ፤ እሱን ቤትህም ትማረዋለህ። ስለ ዋጋ አወጣጥ፣ ስለ ውልና ስለ ኢንሹራንስ የሚሰጡት ትምህርቶች አያምልጡህ። የምግብ ደህንነቱም እንዲሁ። የሳምንት ምግብ አብስለህ ፍሪጅ ውስጥ የምትተው ከሆነ፣ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 21 በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ማቀዝቀዝ አለብህ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ትልቁ ጥቅም ግን የሻይ ሰዓቱ ነው። ሌሎቹ ሼፎች ደንበኛ ቀጠሮ ሲሰርዝ ቀብዱን ይመልሱ እንደሆነ፣ የአስቤዛውን ወጪ ለብቻ ያስከፍሉ እንደሆነ ጠይቃቸው። መድረክ ላይ የማይነገረው እዚያ ይወራል። የዕቃ ሻጮቹን ኤግዚቢሽን ቶሎ እለፈው፤ ኪስ ያራቁታል። ቢዝነስ ካርድ ያዝ፤ ሥራ የበዛበት ሼፍ ደንበኛ ሊያስተላልፍልህ ይችላል።