ሰር ሲድኒ ባርተን ወዳጃችን ነበሩ ወይስ የለንደን መልእክተኛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ያደግኩት ቀበና፣ እንግሊዝ ኤምባሲ አጠገብ ነው። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ ጣሊያን መግቢያ ሲያወሩ «ባርተን የሚባሉት እንግሊዝ ደግ ሰው ነበሩ፣ ስንቱን አዳኑ» ይሉ ነበር። ትምህርት ቤት የተማርነው ደግሞ እንግሊዝ እንደከዳችን ነው። ሁለቱ አልገጥም አሉኝ። ሰውየው ማን ነበሩ? አምባሳደር ነበሩ? ልጃቸው ጣሊያን አግብታ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው? ራሴ ላጣራ ብል የት ልሂድ? የቀበና ልጅ፣ ከለንደን።

መልስ፦ አያትዎም አልዋሹም፣ መምህሮችዎም አልተሳሳቱም። አያትዎ የሚያወሩት ስለ ሰውየው ነው፣ መምህሮችዎ ስለ መንግሥታቸው።

የሹመቱን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። አምባሳደር አልነበሩም። እንግሊዝ ያኔ አዲስ አበባ ላይ የነበራት ለጋሲዮን፣ ማለትም ከኤምባሲ በደረጃ ዝቅ ያለ መሥሪያ ቤት ነው፤ የለጋሲዮን አለቃ ደግሞ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ነው የሚባለው። ወደ ኤምባሲ ያደገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ግቢው ግን ያው እርስዎ የሚያውቁት፣ አፄ ምኒልክ የሰጡት ሰፊ ግቢ ነው።

ባርተን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። በ1895፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በቻይና የእንግሊዝ ቆንስላ አገልግሎት ተማሪ አስተርጓሚ ሆነው ተቀጠሩ። ያኔ ወግ እንደዚያ ነበር፤ መጀመሪያ ቻይንኛውን ትማራለህ፣ ሌላው ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ቆዩ። ፔኪንግ በለጋሲዮኑ የቻይና ጉዳይ ጸሐፊ ነበሩ፣ ከ1922 ጀምሮ ደግሞ የሻንጋይ ቆንስል ጄኔራል። ሻንጋይ ላይ ስማቸው አያትዎ እንዳወሩልዎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1925 በእንግሊዝ መኮንን የሚታዘዙ ፖሊሶች ናንኪንግ መንገድ ላይ ሰልፈኛ ላይ ተኩሰው ቢያንስ 9 ሰው ገደሉ፣ ቻይናም በአድማ ተናወጠች። ተኩሱን ያዘዙት ባርተን አይደሉም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ግርግር የእንግሊዝ ጥቅም አይነካብኝ ባይ፣ ደረቅ ሰው ነበሩ። ይህን የማነሳው በ1929 አዲስ አበባ የወረደው ሰው ማን እንደሆነ እንድናውቅ ነው። የኢምፓየር ሰው ነበሩ።

(ከዚህ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

በመጡ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ የንግሥ በዓሉ ደረሰ፤ ከለንደን የንጉሡ ልጅ የግሎስተር መስፍን መጡ፣ ለባርተንም መልካም ዘመን ነበር። ከጃንሆይ ጋር ተግባቡ፣ ተከባበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ከጣሊያን ጋር የወልወል ግጭት ሲነሳ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ባርተን ለኢትዮጵያ ያዝኑ ነበር፣ ጣሊያኖችም ይህን አውቀው በጥርስ ይዘዋቸዋል። ለንደን ግን ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ብላ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ሲሰሙት እኩል ይመስላል። ጣሊያን መሣሪያውን በራሷ ፋብሪካ እንደምትሠራ፣ ኢትዮጵያ ግን ጥይት እንኳ ከውጭ እንደምትገዛ ማንም ያውቅ ነበር። ይህ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ነገር ነው።

ከሁሉ የከፋው ቀን የመጣው በኅዳር 1928 መጨረሻ ላይ ነው። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ፓሪስ ላይ ተቀምጠው አገራችንን ከፋፈሉ፦ ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣሊያን፣ በደቡብ ደግሞ ጣሊያን የምታዝበት ትልቅ የሰፈራ ቀጠና፣ ለኢትዮጵያ ወደ ባሕር የምትወጣበት ቀጭን መተላለፊያ። ለባርተን ቴሌግራም መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳቡን በበጎ እንዲያዩት፣ በችኮላም እንዳይገፉት ባለዎት አቅም ሁሉ ይገፋፉ የሚል ነው። እስቲ ያስቡት፣ ያን ወረቀት ይዞ ቤተ መንግሥት መግባት! ገቡ። ሥራቸው ነበርና። ጃንሆይም አልተቀበሉትም። ለንደን ላይ ወሬው ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሆርም ሥልጣን ለቀቁ። ባርተን ያን ቀን ሥራ መልቀቅ ነበረባቸው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላስብም፤ ቢለቁ ኖሮ ከአምስት ወር በኋላ የሆነው ነገር ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የአያትዎ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባርተን ጦርነቱ ሊጀመር ሲል አዲስ አበባ አንድ ቀን ባለቤት እንደምታጣ ገምተው ከሕንድ ሠራዊት የሲክ ዘበኞች አስመጥተው ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከተማው ፈረሰ፤ ዘረፋ፣ ቃጠሎ፣ ተኩስ፣ እስከ 27 ድረስ። ሲኮቹ ካሚዮን እየነዱ ሰው ይለቅሙ ጀመር። ለጋሲዮኑ ሣር ላይ ድንኳን ተተከለ፣ 1,500 ያህል ሰው ተጠለለ። እውነቱን ለመናገር የተጠለሉት በአብዛኛው የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ፤ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ። የከተማው ድሃ እንደተጋለጠ ነው የቀረው። ቢሆንም የዳነው ነፍስ ብዙ ነው።

ከዚያ ሳምንት ሁሌም የሚገርመኝ የአሜሪካኖቹ ነገር ነው። ለጋሲዮናቸው በዘራፊ ተከቦ ሚኒስትሩ ኮርኔሊየስ ኤንገርት እርዳታ ፈለጉ፤ ባርተን ያሉት እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፣ መድረሻ ግን የለም። ስለዚህ መልእክቱ በራዲዮ ዋሽንግተን ሄደ፣ ከዋሽንግተን ለንደን፣ ከለንደን ተመልሶ አዲስ አበባ ባርተን ዘንድ። ሲኮቹም ሄዱላቸው። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ ቀይ መስቀል አምቡላንስ አለቃ ዶክተር ጆን ሜሊ መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሊያነሱ ሲወርዱ በጥይት ተመተው፣ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከተማዋን በያዘበት ቀን ሞቱ። እኒህ ሰው ብዙም አይነሱም፤ ሊነሱ ይገባል።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። አዎ፣ አንዷ ልጃቸው ከጦርነቱ በፊት ሙዚ ፋልኮኒ የተባለ የጣሊያን ቆንስል አግብታለች። ሰዎች ይህን ይዘው ባርተንን ያሟቸዋል፤ ውሃ የሚያነሳ ሐሜት አይደለም። የሌላዋ ልጃቸው የኤዝሜ ትዳር ግን ብዙም አይወራም። እሷ በ1931 ያገባችው ጋዜጠኛውን ጆርጅ ስቲርን ነው፤ ያ የጣሊያንን መርዝ ጋዝ ለዓለም የጻፈውን፣ ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ያባረሩትን። (ስቲር በዘረፋው መሐል፣ ሚያዝያ 26፣ እዚያው ለጋሲዮን ውስጥ የመጀመሪያ ሚስቱን አግብቶ ነበር፤ እሷ በዓመቱ በወሊድ ሞተችበት።) የስቲርና የኤዝሜ ልጅ ለንደን ላይ ክርስትና ሲነሳ የክርስትና አባቱ ስደተኛው ጃንሆይ ነበሩ። ስቲርም በ1932 ከጃንሆይ ጋር ወደ ሱዳን ሄደ፣ የአርበኞቹን የፕሮፓጋንዳ ሥራም ያዘ።

ባርተን ከአዲስ አበባ ወዲያ ሌላ ሹመት አልያዙም፣ ጡረታ ወጡ። መንግሥታቸው በ1928 ክረምት በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ሲያነሳ፣ በኋላም ጣሊያን ኢትዮጵያን መግዛቷን ሲቀበል አዩ። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡም በሕይወት ነበሩ። የሞቱት በ1938 ነው።

ለማጣራት ለንደን መኖርዎ በጀ። ኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለሁሉም ክፍት ነው፣ መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይዘው የአንባቢ ካርድ ያውጡ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤዎች ኤፍ ኦ 371 በሚባለው ክፍል ናቸው፤ የ1935 እና የ1936 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ፋይሎችን ይጠይቁ፣ የባርተንን ቴሌግራሞች ከለንደን መልሶች ጋር ጎን ለጎን ያንብቡ። ያገኙትን ቢጽፉልን በደስታ እናትማለን።