ቁልፉን አስገብተህም ፓስወርድ ከጠየቀህ

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ካለው ላፕቶፕህ ሸዋ ሮቢት ወዳለው የኡቡንቱ ሰርቨር በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር መግቢያው መንገድ፣ SSH) ስትገባ፣ ቁልፍ (በፓስወርድ ፈንታ የሚያስገባ ፋይል) ሠርተህም አሁንም ፓስወርድ እንደሚጠይቅህ ጽፈሃል። እኔም እዚሁ አካባቢ ሰርቨር ስለምይዝ ይሄ ነገር ደጋግሞ ገጥሞኛል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ቁልፉ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ያለው የፋይል ፈቃድ (ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው) ነው።

በቅድሚያ የሚጠይቅህን በደንብ አንብብ። "ፓስፍሬዝ" ካለህ የራሱን የቁልፉን ምስጢር ነው የሚፈልገው፤ እሱን በየጊዜው እንዳትጽፈው ኤስኤስኤች-ኤጀንት (ssh-agent) የሚባለው ፕሮግራም ይይዝልሃል። ላፕቶፕ ይሰረቃልና ፓስፍሬዙን አታንሳው።

"ፓስወርድ" ካለ ግን ወደ ሰርቨሩ እንሂድ። ከቁልፉ ሁለት ፋይሎች እዚያ መድረስ ያለበት በ"ፐብ" (.pub) የሚያልቀው፣ ይፋዊው ቁልፍ ብቻ ነው። ሌላኛውን፣ ምስጢራዊውን ቁልፍ፣ በቴሌግራም ለራስህም ቢሆን እንዳትልከው። ከሊኑክስ ከሆነ ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ (ssh-copy-id) የሚባለው ትእዛዝ ይጨርስልሃል። ዊንዶውስ ላይ ይሄ ትእዛዝ ስለሌለ የፐብ ፋይሉን ጽሑፍ ራስህ ገልብጠህ ሰርቨሩ ላይ ኦተራይዝድ_ኪይስ (authorized_keys፣ የተፈቀዱ ቁልፎች ዝርዝር) ፋይል ውስጥ ትለጥፋለህ። አንድ መስመር መሆኑን እይ፤ መሃሉ ከተሰበረ አይሠራም።

አሁን ፈቃዱ። ሰርቨሩ ላይ ኦተራይዝድ_ኪይስ ያለበት የዶት ኤስኤስኤች (.ssh) ፎልደር 700 (ባለቤቱ ብቻ የሚገባበት)፣ ኦተራይዝድ_ኪይስ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) ይሁን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ሆም ፎልደሩስ (የተጠቃሚህ ዋና ፎልደር)? ግሩፑ ወይም ሌላ ሰው እሱ ላይ መጻፍ ከቻለ፣ ሰርቨሩ ቁልፉን አይቀበልም። ለምን እንደሆነም ላንተ አይነግርህም፤ ዝም ብሎ ፓስወርድ ይጠይቅሃል። አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ሁሉ ፋይል እንዲያስቀምጥ ተብሎ ሆም ፎልደሩ 777 (ማንም የሚጽፍበት) ተደርጎ አገኘሁት። ወደ 755 (ባለቤቱ ብቻ የሚጽፍበት) ስመልሰው ያው ቁልፍ ወዲያው ሠራ። ምክንያቱ ሰርቨሩ ሎግ ላይ ተጽፎ ነበር፦ "ባድ ኦነርሺፕ ኦር ሞድስ" (bad ownership or modes፣ ባለቤትነቱ ወይም ፈቃዱ ልክ አይደለም)። አንተም የመግቢያ ሙከራዎች የሚመዘገቡበትን ኦት.ሎግ (auth.log) ከፍተህ ይሄንን ፈልግ።

በቁልፍ መግባት ሲጀምርልህ በሰርቨሩ የኤስኤስኤች ማስተካከያ ፋይል (sshd_config) ላይ ፓስወርድ ኦተንቲኬሽንን (በፓስወርድ መግባትን) "ኖ" አድርገው። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ ሰርቨር ቀንም ሌሊትም ፓስወርድ ሲገመትበት ነው የሚያድረው፣ ስለዚህ ይሄን ለነገ አትበለው። ግን አደራህን፣ የገባህበትን ተርሚናል ሳትዘጋ የኤስኤስኤች ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ፤ ከዚያ በሌላ ተርሚናል ግባና ሞክር። እምቢ ካለ በተከፈተው በኩል ታስተካክለዋለህ። ዘግተኸው ከሆነ ግን ሰርቨሩ ጋ የሚደርስልህ ሰው መፈለግ ወይም መኪና ይዘህ በጣርማበር መውረድ ነው።

ሎጉ ላይ ያገኘኸውን መስመር እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።