ከባሕር ላይ ስልክ ሲደወልላችሁ

ወንድምህ ወይም የአክስትህ ልጅ ሜዲትራኒያን መሃል ጀልባ ላይ ሆኖ በቱራያ፣ በሳተላይት ስልክ ማለት ነው፣ ከደወለልህ፣ ለልቅሶ ጊዜ የለህም። ባትሪው ሳያልቅ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን የጂፒኤስ ቁጥር ጠይቀው፤ ስልኩ ራሱ ያሳየዋል። ጻፈውና መልሰህ አንብብለት። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ፍለጋው ሌላ ቦታ ይሆናል። ከዚያ ስንት እንደሆኑ፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር እንዳለ፣ ሞተሩ ይሠራ እንደሆነ፣ ውሃ እየገባ እንደሆነ ጠይቅ። ይህን ይዘህ ወዲያው ለባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ደውል። ጣሊያን ውስጥ ካለህ 1530 ነው። ከ2014 ጀምሮ ባሕር ላይ አደጋ ለገጠማቸው ስደተኞች ቀን ከሌት ስልክ የሚያነሳ፣ አላርም ፎን የሚባል የበጎ ፈቃደኞች መስመርም አለ። ለሁለቱም ደውል።

ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትደርሰው የነፍስ አድን መርከብ ሳትሆን በአቅራቢያው የምታልፍ የንግድ መርከብ ናት። በባሕር ሕግ ካፒቴኑ አደጋ ላይ ላለ ሰው የመድረስ ግዴታ አለበት። በ2014 ብቻ የንግድ መርከቦች 40,000 ገደማ ሰው ከሜዲትራኒያን አውጥተዋል።

አሁን የምለውን ግን አደራ፣ ለወንድምህ በደንብ ንገረው። ትልቁ አደጋ የሚመጣው መርከቧ ስትደርስ ነው። ሰው ሁሉ ተርፌያለሁ ብሎ ይነሳል፣ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ሚያዝያ 2015 ኪንግ ጃኮብ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ልትረዳ ቀርባ ሳለ፣ የተጨናነቀችው ጀልባ ተጋጭታት ሰጠመች። ከ800 በላይ ሰው አለቀ፤ 28 ብቻ ተረፉ። ስለዚህ ማንም አይነሳ። መርከቧ ስትቀርብ ሁሉም እንደተቀመጠ ይቆይ። የመርከቧ ጎን እንደ ፎቅ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ የሚወጣበትም የገመድ መሰላል ነው። ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያነሳና ሲያወርድ እግር በመሃል ይጨፈለቃል። መርከበኞቹ «አሁን» ሲሉ አንድ በአንድ ይውጡ፤ ማንም እንዳይዘል።

እነዚያ መርከበኞች ሃያ ቢሆኑ ነው። ሥራቸው ዕቃ ማመላለስ ነው። ምግባቸውም ለራሳቸው የተሰፈረ ነው፣ እሱኑ ያካፍላሉ። የት እንደሚያወርዱ የሚወስኑት እነሱ አይደሉም። በ2020 የዴንማርኳ ታንከር ሜርስክ ኤቲየን 27 ሰዎች አውጥታ፣ የሚቀበላት ወደብ አጥታ ከአምስት ሳምንት በላይ ባሕር ላይ ቆማለች። ተስፋ ቆርጠው ወደ ውሃ የዘለሉ ሦስት ሰዎችንም መልሰው ያወጧቸው እነዚያው መርከበኞች ናቸው። ወንድምህ ካፒቴኑ ላይ እንዳይቆጣ ምከረው።

ወደ ሊቢያ መመለስን ከፈራ ግን ዝም አይበል፤ በጨዋ ቃል ለካፒቴኑ ይንገረው። በ2012 የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ጣሊያን ኤርትራውያንንና ሶማሊያውያንን ከባሕር ወደ ሊቢያ መመለሷ ጥፋት ነው ብሎ ፈርዷል። በ2021 ደግሞ ሰዎችን ወደ ሊቢያ የመለሰ አንድ የንግድ መርከብ ካፒቴን እዚያው ጣሊያን ተፈርዶበታል። ካፒቴኖችም ይህን ያውቃሉ።

«ትልቅ መርከብ ታነሳችኋለች» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህን ደላላ አትመን። መርከብ የምትደርሰው በአቅራቢያው ካለች ነው። ስልኩ ድንገት ከጠፋም ፎቶውን ቲክቶክ ላይ ከመለጠፍህ በፊት ባለህበት አገር ወዳለው ቀይ መስቀል ሂድ። የጠፋ ቤተሰብ የሚያፈላልግ ክፍል አላቸው፣ አገልግሎቱም ነፃ ነው። የወንድምህን ሙሉ ስምና የመጨረሻ የደወለበትን ቀን ይዘህ ቅረብ።